የ70 ዶላር ካርቶን

የእኛ ሰው ዕቃ ሲገዛ ዓይኑን ብቻ አያምንም፤ ያነሳዋል። በመዳፉ ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ ከንፈሩን ይመጥጣል። የብረት ድስት ከሆነ እሺ። ግን ስልኩንም፣ ጫማውንም፣ የግድግዳ ሰዓቱንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። የከበደ ዕቃ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ቀለል ካለ አንድ የተደበቀ ነገር አለበት።

በዚህ ሙያ እናቴን የሚያህል አላየሁም። መርካቶ ስትገባ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ዕቃውን ታነሳለች። ነጋዴው «እማማ፣ ይሄ እኮ በኪሎ አይሸጥም» ሲላት «አውቃለሁ ልጄ፣ ለራሴ ነው» ትለዋለች።

ነገሩ የሆነው እማዬ እህቴን ልትጠይቅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በመጣችበት በጋ ነው። ዓመቱ 2018። (በፈረንጅ የምቆጥረው ዕቃውም፣ ዋጋውም፣ አገሩም የሰው ስለሆነ ነው።) የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ ደግሞ አጎት ነኝ፤ የአጎት ሥራ ወላጅ አልገዛም ያለውን መግዛት ነው። ገዛሁና ሳጥኑን ታቅፌ መጣሁ። እማዬ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ እንደ ልማዷ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ራሷን ነቀነቀች። «ከበድ ይላል። ደህና ነገር ነው።»

ሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ሲነሳ ከሥሩ ሌላ ካርቶን አለ። እማዬ ዕቃው ከታች ይሆናል ብላ በትዕግሥት ጠበቀች። እስከ ታች ካርቶን ነው።

«ዕቃው የታለ?» አለች።

«ይሄ ነው እማዬ።»

«ይሄማ ማሸጊያው ነው። ዕቃውን ረስተውታል። ደረሰኙን ይዘኸዋል?»

ዋጋውን ነገርኳት፤ 70 ዶላር፣ አንድ ሳንቲም ጎደል። «በብር ስንት ይሆናል?» አለች። ያኔ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 1,900 ብር ነው። (ዛሬ መንዝረው እንዳትሉኝ።) እማዬ ለፋሲካ በግ ምን ያህል እንደሚቀረው በሆዷ አሰላችና፣ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ወጥ ቤት ገባች። እማዬ ዝም ስትል ከተናገረችው በላይ ይሰማል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ስዊች የተባለ የጌም መጫወቻ አለው፤ በ2017 በ300 ዶላር ነው ለገበያ የወጣው። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2018፣ ይኸው ኩባንያ «ላቦ» ብሎ ካርቶን ይዞ ብቅ አለ። ሳጥኑ ውስጥ 28 ጠፍጣፋ ካርቶኖች አሉ፤ ቅርጹ በፋብሪካ ተቆርጦ ያለቀ ስለሆነ በአውራ ጣት ገፋ ስታደርገው እየተላቀቀ ይወጣል። መቀስ የለ፣ ሙጫ የለ። ልጁ አጣጥፎ ሁለት ትንንሽ መኪና፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ትንሽ ቤት፣ የሞተር ሳይክል መሪና ፒያኖ ይሠራል። ከዚያ ጆይ ኮን የሚባሉትን የስዊቹን ሁለት መቆጣጠሪያዎች ይሰካበትና ይጫወታል። ሮቦት ሆኖ ከተማ ማፍረስ ለሚፈልግ፣ በጀርባ የሚታዘለው ካርቶን ለብቻው በ80 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ዋናው ዳኛ ገና አልመጣም ነበር። የእህቴ ባል የፖስታ ጥቅል መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ካርቶን ሲያወርድ ያድራል፣ ካርቶን ሲጭን ያነጋል። እጁ ላይ ያለው መላላጥ ሁሉ የካርቶን ጠርዝ የተወበት ነው። ያን ቀን ማታ ወደ ሥራ ሊሄድ ተነስቶ ሳሎን ሲገባ፣ ልጁ ምንጣፍ ላይ በካርቶን ተከቦ ተቀምጧል። ቆሞ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አምጥተህልኝ ነው?» አለ። «እንዳልናፍቀው?»

እህቴ ዋጋውን ነገረችው። መንገር አልነበረባትም።

«ስማ፣» አለኝ ጫማውን እያሰረ፣ «እኛ ጋ ይሄን የሚወስድ ሰው ይፈለጋል። በነጻ! መኪና ሙሉ ልላክልህ?»

እኔም ክርክር አይቀርብኝም፤ ተከራከርኩ። ሽሮ ሜዳ ሄደህ ነጠላ ስትገዛ ጥጡን ታስመዝናለህ ወይ፣ የምትከፍለው ለሸማኔው እጅ አይደለም ወይ፤ ይሄም እንደዚያው ነው፣ ካርቶኑን ሳይሆን ቁርጡን ነው የገዛነው አልኩት። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«ነጠላ ግን ይታጠባል፣» አለ። «ይሄን አጥበው እስቲ።»

ሄደ። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

እግረ መንገዴን ስለ ኩባንያው አንድ ነገር ልበል። ኒንቴንዶ ወረቀት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1889 ኪዮቶ ላይ ፉሳጂሮ ያማውቺ የተባለ ሰው ሲመሠርተው ሥራው ሃናፉዳ የሚባሉ፣ አበባና ቅጠል የተሳለባቸው የመጫወቻ ካርታዎች መሥራት ነበር። ማሪዮ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፤ ካርታ ብቻ። ከ129 ዓመት በኋላ ወፈር ያለውን ወረቀት ሸጡልን ማለት ነው። ይህን ለእህቴ ባል በስልክ ስነግረው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። ወረቀቱን ማን እንደያዘ የታወቀ ነው፤ ሞኙን ግን በስም አልጠራውም፤ ሲያከብረኝ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በመኪናው ነው የሚጀመረው፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅ። ስም ብቻ ነው እንጂ መኪናው ጎማ የለውም፤ ወገቡ ላይ የታጠፈ አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው፣ በእግሮቹ የሚቆም። ሞተርም የለውም። ጆይ ኮኖቹን ግራና ቀኝ ስትሰካበት እነሱ ይነዝራሉ፤ ንዝረቱ ካርቶኑን እየገፋ ይወስደዋል። አንዱን ከሌላው አብልጠህ ስታስነዝረው ይዞራል። መሪው የስዊቹ ስክሪን ነው። መኪናው ከሶፋው ሥር እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ተማተበች።

እዚህ ላይ የሒሳብ ነገር አለ። ሁለቱ ጆይ ኮኖች ለብቻቸው ሲገዙ 80 ዶላር ነበሩ። ስለዚህ ያቺ የካርቶን መኪና ከመንቀሳቀሷ በፊት 80 ዶላር ተሸክማለች፤ ከኋላዋ ደግሞ የዚያው የ300 ዶላር ዕቃ ስክሪን ይነዳታል። ሰው ሁሉ ግን «ካርቶኑ ተወደደ» ነው የሚለው። ፕላስቲኩን ማንም ስንት ነህ አላለውም። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቻርጀር አለው፤ ውድ መሆኑ አያስገርምም። ካርቶን ግን ሁላችንም የምናውቀው ሰፈርተኛ ነው፤ የምናውቀው ሰው ሱፍ ለብሶ ሲመጣ «ከየት አመጣው?» እንላለን።

ፒያኖው ሌላ ነገር ነው። እሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስቀምጣል። መመሪያው ወረቀት ላይ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ካርቶኑ ራሱ እየታጠፈ ያሳይሃል፣ ግራ ሲገባህ በጣትህ አዙረህ ከኋላ ታየዋለህ፣ ያለፈህን ትመልሰዋለህ። እንደዚህ ዓይነት ትዕግሥተኛ አስተማሪ እኔ ተማሪ ቤት አልገጠመኝም። የእህቴ ልጅ ግን አሜሪካ የተወለደ ልጅ ነው፤ ፊልሙን ወደፊት አሳለፈው። ቁልፎቹን ሁሉ ሰክቶ ከጨረሰ በኋላ አንዱ ቁልፍ ተገልብጦ ተገኘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ተፈታ፣ እንደገና ታጠፈ።

አንዱን ቁልፍ ብቻ ላሳያችሁ። ረጅም ጠባብ ካርቶን ነው፤ በአራት በኩል ሲታጠፍ ሳጥን ይሆናል፣ ምላሱን ቀዳዳው ውስጥ ስታስገባው ይቆልፋል። ከኋላው ጭራ አለው፤ ጭራው ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ ወረቀት ትለጠፋለች። ጣትህ ፊቱን ሲጫነው ጭራው ይነሳል። ከፒያኖው ጀርባ የተሰካው የቀኙ ጆይ ኮን ሥሩ ላይ በዓይን የማይታይ ጨረር የምታይ ትንሽ ካሜራ አለችው፤ የትኛዋ ወረቀት እንደተነሳች አይታ ለስክሪኑ ትናገራለች፣ ስክሪኑ ድምፁን ያወጣል። አሥራ ሦስት ቁልፍ፣ አሥራ ሦስት ጭራ። ሽቦ የለም፣ ባትሪ የለም። ከኋላ በኩል ያለውን ክዳን ከፍቼ ጭራዎቹ ሲነሱና ሲወድቁ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የ70 ዶላሩ ነገር ለጥቂት ጊዜ ከአእምሮዬ ወጣ። ይህን ያሰበ ሰው ደመወዙ ይገባዋል።

ፒያኖው አናት ላይ የሚሰኩ የካርቶን ጉጦችም አሉ፤ አንዱን ስትሰካ ድምፁ ወደ ድመት ይለወጣል። እኔ ሙዚቃ አልችልም፤ ግን የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። የድመቱን ጉጥ እንደሰካነው ረስቼ ቀስ እያልኩ ትዝታ ጀመርኩ።

«ኧረ ድመቷን ምን አደረጋችኋት!» አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

«ትዝታ ነው እማዬ።»

«ልቀቋት፣ ኃጢአት ነው።»

እንግዲህ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም? እኔ የምለው ይሄ ነው፤ መሥራቱ 70 ዶላር ያወጣል፣ መጫወቱ ግን አያወጣም። ዓሣው ሁለት ቀን ይጠመዳል፣ ሻርኩ ሲያዝ ልጁ ይጮሃል፣ ሦስተኛ ሻርክ ላይ አዛግቶ ወደ ቀድሞው ጌሙ ይመለሳል። ደስታው ያለው ካርቶኑ ሲታጠፍ ነው፤ ታጥፎ ካለቀ ደስታው አልቋል። ይህን ኩባንያውም የሚያውቀው ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ጌሙ ውስጥ ልጁ «ይሄ ሲሆን ያ ይሁን» እያለ የራሱን መጫወቻ የሚፈጥርበት «ጋራዥ» የተባለ ክፍል የከተቱበት። የእህቴ ልጅ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ፈጠረ፤ እናቱ ክፍሉ ስትገባ የሚጮህ ማንቂያ።

ካርቶንን የሚያከብሩ ሌሎችም አሉ። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ ያለው ስትሮንግ ሙዚየም ለአሻንጉሊቶች የክብር መዝገብ አለው። ባርቢና ሌጎ በ1998 ገቡ። በ2005 ደግሞ ባዶ የካርቶን ሳጥን ገባ። ያው ባዶ ሳጥን፤ ማንም የፈጠራ ባለቤት ነኝ ብሎ ሽልማቱን ሊቀበል የማይመጣለት። ፍሪጅ ተገዝቶለት ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ካልሆነ በቀር ምክንያቱን የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።

በ2012 የወጣውን «ኬይንስ አርኬድ» የተባለውን አጭር ፊልም ያየ ደግሞ የእህቴ ባል ወገን ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የበጋ ዕረፍቱን በአባቱ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ በባዶ ሳጥኖች ሙሉ የጌም ቤት ሠራ። በአንድ ዶላር አራት ጊዜ መጫወት፣ በሁለት ዶላር ግን አምስት መቶ ጊዜ። ትኬቱ እንዳይጭበረበር በየጨዋታው ላይ ካልኩሌተር ለጥፎ ቁጥሩን ያጣራል። ካርቶኑ በነጻ፣ አሠራሩ በነጻ፣ ቅናሹ ደግሞ ነጋዴ ያሳብዳል። ይሄን ፊልም ለእህቴ ባል ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ጠላትን በራስ ጥይት ማስታጠቅ ይሉሃል ይሄ ነው።

«አየህ? አየህ?» አለኝ። «እኛም ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ሠርተናል፤ ማን ሸጠልን?»

ይሄ ንግግር ሲመጣ አውቃለሁ፤ ከሱ በኋላ የካልሲ ኳስ ይመጣል፣ ከካልሲ ኳስ በኋላ «የዛሬ ልጆች» ይመጣል። እውነት ነው፤ ሠርተናል። ሽቦው ከአጥር ይገኛል (የማን አጥር እንደሆነ አይጠየቅም)፣ ጎማው ያለቀ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ ወይ ከቆርኪ ይሠራል፣ ረጅም መሪ ይኖረዋል፣ እየነዳን ዳቦ ቤት እንላካለን። ቆንጆ ነገር ነበር። ግን አንድ ነገር እንተማመን። ሰፈራችን ውስጥ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለት፣ በባትሪ የሚሄድ ቀይ የፕላስቲክ መኪና ያለው አንድ ልጅ ነበር። ያ ልጅ «እንለዋወጥ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ የሽቦ መኪናዬን ከነዳቦው በሰጠሁት ነበር። የሠራነው ስለማይገዛልን ነው። ፈጠራ ነው የሚል ስም ያወጣንለት ካደግን በኋላ፣ የልጆቻችን ዕቃ ሲወደድብን ነው።

እማዬ በዚህ ክርክር አልገባችም። እሷ ካርቶንን የምታየው በሥራው ነው። አዲስ አበባ ቤታችን ካርቶን አይጣልም፤ ጫጩት ያድግበታል፣ ሽንኩርት ይቀመጥበታል፣ የአባቴ ወረቀት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ መጨረሻ ላይ ቆራሌው ሲጮህ ከጠርሙሱ ጋር ይወጣና በሳንቲምም ቢሆን ይሸጣል። መንገድ ዳር የሚተኛበትም አለ፤ ይህን ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልጁ የተረፈውን ቁራጭ ሲቀዳድድ። ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ይዛ የምትሄደውን ለማሸግ የእህቴን ቤት ምድር ቤት በባዶ ሳጥን ሞልታዋለች። ታዲያ አንድ ቀን ማለዳ ምድር ቤት ወርጄ፣ ፒያኖው የተሸጠበት ሳጥን ታጥፎ፣ በገመድ ታስሮ፣ «የእኔ» የሚል ተጽፎበት አገኘሁት። እሷ ከ70 ዶላሩ ድርሻዋን ወስዳለች።

የጌም ዕቃ ዕድሜም አጭር ነው። በ2025 ስዊች 2 በ450 ዶላር ሲወጣ አዲሶቹ ጆይ ኮኖች ያቺ ጨረር የምታይ ካሜራ የላቸውም፤ አሮጌዎቹን ካላስቀመጥክ ፒያኖው ዕውር ነው። የእህቴ ልጅ ግን አሁን ጎረምሳ ነው፤ ፒያኖ እንደነበረውም ያስታወሰው ስነግረው ነው። አዲሱን ግዙልኝ ሲል ደግሞ የፕላስቲኩን ዋጋ ማንም አልተከራከረም።

ያ የ2018 በጋ ሳያልቅ ግን የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ተሰበረ። ልጁ ሻርክ ሲጎትት እጀታው፣ ማጠንጠኛው ያለበት ቦታ ላይ፣ ጎበጠና ቀረ። ኩባንያው ያኔ መለዋወጫ ካርቶን ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ «ልዘዝ?» አልኩ። የእህቴ ባል ዘንጉን ተቀብሎ የተሰበረውን ጠርዝ በጥፍሩ ፈተሸ።

«ይሄ ነጠላ ነው፣» አለ። «ነጠላ ካርቶን ለዚህ ይሆናል? ድርብ ነው የሚያስፈልገው። መሃሉ ላይ ሁለት ረድፍ ሞገድ ያለው፤ እኛ ጋ ከባድ ዕቃ የሚመጣበት።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ አንድ ትልቅ ሳጥን በብብቱ ይዞ መጣ። የሱን ያህል የካርቶን ዓይነት የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የቱ ሲታጠፍ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ እርጥበት እንደማይወድ፣ ሞገዱ ወደየት በኩል ከሆነ እንደሚበረታ ለልጁ ያስረዳዋል። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። አባቱ ሌሊት የት እንደሚሄድ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ተቀመጡ። የተሰበረውን ዘርግተው፣ በእርሳስ ላዩ ላይ ነድፈው፣ መቁረጥ ጀመሩ። የመጀመሪያው እጀታ ወፍሮ ጆይ ኮኑን አላስገባም። ሁለተኛው ገባ፣ ማጠንጠኛው ግን አልዞር አለ። እማዬ ቡና አፈላች፤ አቦል ሲወርድ ሦስተኛው ላይ ነበሩ፣ በረካው ሲወርድም እዚያው ነበሩ። እኔ ስለ ፋብሪካ ቁርጥ ዋጋ አንድ ቃል ልተነፍስ ነበር፤ እህቴ ቀደመችኝ።

«ዛሬ ኦቨርታይም ነበረህ አይደል?» አለችው።

«ተውኩት።»

«ቅዳሜ አንዱ ሰዓት በአንድ ተኩል እየታሰበ ነው የተውከው? በሱ እኮ ሁለት ሳጥን ገዝተህ መልስ ትቀበል ነበር!»

«እሱን ተይውና፣» አላት ቀና ሳይል፣ «ያንን ከተር አቀብይኝ።»